የአባቴ ቁጥር በዝርዝሩ ላይ

እልልታው የእኔ ጥፋት ነው። ከዚያ ብጀምር ይሻላል።

እሑድ ነው፤ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ አዳራሹ እየወረደ ነበር። ደረጃው ላይ አንድ ሽማግሌ ያዙኝ። ቭላርዲንገን ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወደብ ላይ ሠርተዋል፤ አሁን ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ማን እንደ ወለደ፣ ማን ሆስፒታል እንደ ተኛ፣ የማን መኪና መውጫ እንደ ዘጋ የምንሰማው ሁሉ ከእሳቸው አፍ ነው። እኔን ደግሞ "የካፒቴኑ ልጅ" ነው የሚሉኝ፤ አባቴ አብራሪ ስለሆነ።

"የካፒቴኑ ልጅ! አባትሽ ሥራ እንዴት ይዞታል?"

"በጣም አሪፍ ነው! ኩባንያቸው ከውጭ አገር ትልቅ አየር መንገድ ጋር አብሮ ሊሠራ ነው። ጆይንት ቬንቸር ይባላል። አንተ ታውቀዋለህ?"

እናቴ ከኋላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "እርስዎ በይ!"

"ተያት፣ ተያት" አሉ እየሳቁ። "አብሮ መሥራት መቼም ጥሩ ነው።"

እኔም ጥሩ መስሎኝ ነው! ከኩባንያው የመጣውን መጽሔት ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አንብቤዋለሁ። ሽፋኑ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ሊሳሳሙ የደረሱ መስለው ተሥለዋል። ሳመንቨርኪንግ የሚለው ቃል፣ ትብብር ማለት ነው፣ በየገጹ አለ። እሱን ደግሞ እዚህ አገር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ነው ያስተማሩን፤ እርሳስ ተዋዋሱ፣ አብራችሁ አጽዱ፣ ተባበሩ። ከትብብር ምን ክፉ ነገር ሊወጣ ይችላል?

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ሽማግሌው ማይክራፎኑን መታ መታ አደረጉ።

"ዛሬ አንድ የምሥራች አለን። የካፒቴናችን አየር መንገድ ከዓለም አቀፍ ኩባንያ ጋር ተጣምሮ ሊያድግ ነው። እንኳን ደስ አለን!"

እልልልል! አባቴ ሻይ በላስቲክ ኩባያ ይዞ አዳራሹ መሐል ቆሞ ነበር። አንዱ እጁን ይጨብጠዋል፣ አንዷ ጉንጩን ትስመዋለች፣ አንዱ ደግሞ በጆሮው "እንግዲህ የእህቴን ልጅ እንዳትረሳት፣ የትም ቢሆን አስገባልኝ" ይለዋል። አባቴ ፈገግ ብሏል፤ ግን የፓስፖርት ፎቶ ላይ ያለችዋን ፈገግታ ነው። ዓይኖቹ እኔን ይፈልጉ ነበር። ከኮቶቹ መስቀያ ኋላ ተደበቅሁ።

አምስተርዳም አጠገብ ወዳለው ቤታችን፣ ወደ አምስተልቨን ስንመለስ መኪና ውስጥ እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባቴ ነዳ፣ ነዳና፣

"ማን ነው የነገራቸው?" አለ።

"እኔ። ግን መጽሔቱ ላይ..."

"አይ አንቺ ልጅ። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ ብዬ የተኛሁት እንቅልፍ የለም፤ አንቺ እልል አስባልሽብኝ።"

እናቴ ሳቋን አቆመች። ስለ ሥራው መፍራቱን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ለካ እናቴ ታውቅ ነበር፣ ስትስቅም የነበረው ለዚያ ነው።

"እንዴት?" አልኩ። "ሁለት ሆናችሁ ብዙ ሰው ልታበርሩ አይደል?"

አባቴ ነገር ሲያስረዳ ሁልጊዜ ከእናቴ ነው የሚጀምረው። "እናትሽን ሹሩባ የምትሠራት ሴትዮ አለች አይደል፣ ሮተርዳም? ዴንሃግ ደግሞ ሌላ ሹሩባ ቤት አለ እንበል። ሁለቱ ባለቤቶች ተስማሙ። ደንበኛው የጋራ ነው፤ የሚገባውን ገንዘብ ይካፈላሉ።"

"ጥሩ ነዋ!"

"ለባለቤቶቹ ጥሩ ነው። አሁን አንቺ የሮተርዳሟ ቅጥር ሠራተኛ ነሽ። የዴንሃግ ሠራተኞች በርካሽ ይሠራሉ። ገንዘቡን ከተካፈሉት ዘንድ፣ ጭንቅላቱን የያዘው የማን እጅ እንደሆነ ለአሠሪሽ ምን ይገዳታል?"

አሰብኩበት። "ታዲያ እኔ ምን እሠራለሁ?"

"እሱን ነው እኮ እኛም የምንጠይቀው።"

"እኔ እንደሆነ ዴንሃግ አልሄድም" አለች እናቴ። "እዚያ ፀጉር ይነቅላሉ።"

ከዚያ ደግሞ ስለ ዝርዝሩ ነገረኝ። አብራሪዎች ሁሉ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ የሚሰጠው በገባህበት ቀን ነው፤ ጎበዝ ሁን ሰነፍ፣ ዝናብ ውስጥ እንደ ላባ አሳርፍ ወይም ተሳፋሪ አስለቅስ፣ ቁጥርህ ቁጥርህ ነው። ዕረፍት የሚመረጠው፣ በረራ የሚመረጠው፣ ካፒቴን የሚኮነው በዚያ ተራ ነው። ከላይ አንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሁሉም አንድ አንድ ከፍ ይላሉ። ሰው ይቀነስ ከተባለ ደግሞ የሚጀመረው ከታች፣ ከጭራው ነው።

"አንተ የት ነህ?"

"አለሁ፣ ከመሐል ወረድ ብዬ" አለና የመታጠፊያውን መብራት አበራ። መታጠፊያ አልነበረም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ለሽማግሌው ደወልኩ። የሰው ስህተት ማረም ቀላል ነው፤ የራስን ግን፣ በተለይ በማይክራፎን የተነገረውን!

"አባባ፣ ተሳስቼ ነው። የምሥራች አይደለም። አባቴ ሥራው ሊወሰድ ይችላል።"

"ታዲያ እልል ያልነውን ምን እናድርገው?"

"አላውቅም። ሐሙስ ዴንሃግ ሰልፍ አላቸው።"

"የት? ማሊፌልድ ነው? እመጣለሁ። ካፒቴናችንን ብቻውን አንተወውም።"

"መምጣት የለብህም... የለብዎትም!"

"ጎሽ፣ እየተሻሻልሽ ነው። ስንት ሰዓት?"

ሐሙስ መምህራኖቻችን ስብሰባ ስለነበራቸው ትምህርት አልነበረም። አባቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቀድሞ ሄደ፤ እኔ በባቡር ሄጄ ሽማግሌውን ዴንሃግ ጣቢያ አገኘኋቸው። ሱፍ ካፖርት ላይ ነጠላ ደርበዋል። በአንድ እጅ ምርኩዝ፣ በሌላው በትልቅ የገበያ ከረጢት የተቆራረጠ ዳቦ።

"ይኼ ሁሉ ለማን ነው?"

"ሰልፈኛ ይርበዋል። ወደብ ሆነን ስንሰለፍ ሁልጊዜ ነበር የሚርበን።"

ማሊፌልድ ከጣቢያው አጠገብ ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ እዚህ አገር የተናደደ ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ጩኸት የለም። አብራሪዎቹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ መስመር ቆመዋል። እያንዳንዱ ደረቱ ላይ ነጭ ካርቶን ይዟል፤ ካርቶኑ ላይ የየራሱ ቁጥር። ለአንድ ሰዓት ማንም እንዳይናገር ተስማምተዋል። ነፋሱ ግን አልተስማማም፤ ባርኔጣቸውን ሊወስድባቸው ስለታገለ ብዙዎቹ አንድ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገዋል፤ የጠፋ ነገር የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር።

"ካፒቴን ከፊት ነው የሚሆነው" አሉ ሽማግሌው፤ ከፊት ጀመርን።

ከፊት ያሉት ባለ አንድ አሃዝ ናቸው፤ ሁሉም ፀጉራቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ላይ አራት አራት ወርቃማ መስመር። ሽማግሌው ለእያንዳንዱ "ሃሎ፣ ሃሎ" እያሉ ዳቦ ዘረጉላቸው። አንዱ ካፒቴን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝምታውን አመለከታቸው።

"ዝም ብሎ መብላት ይቻላል በይው" አሉኝ። በሆላንድኛ አልኩት። ካፒቴኑ አሰበበትና ወሰደ። ከዚያማ የሚቀጥሉት ሁሉ ወሰዱ።

"አባትሽ የለም እዚህ?"

"ትንሽ ወደዚያ ይሆናል።"

ሄድን። ባለ ሁለት አሃዝ ሆኑ። ፀጉሩ ሽበት ቀላቀለ። ሄድን። ባለ ሦስት አሃዝ ሆኑ። ፀጉሩ ቡናማ፣ ብጫ፣ ጥቁር ሆነ። የትከሻው መስመር ከአራት ወደ ሦስት ወረደ፤ ያኔ ነው ልቤ ትንሽ የደነገጠው። የአባቴ ልብስ ቁም ሣጥን በር ላይ ተሰቅሎ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። መስመሩ ሦስት ነው። ሦስት ከምን እንደሚያንስ አስቤ አላውቅም ነበር።

"አልፈነው ይሆን?" አሉ ሽማግሌው፤ ዳቦው ሊያልቅ ነው፣ እግራቸውም ደክሟል።

"አላለፍነውም አባባ። ትንሽ ይቀራል።"

ሣሩ ላይ ቀይ ሪባን ተዘርግቷል። ከሪባኑ ወዲያ ያሉት ባርኔጣቸውን አልደፉም፤ በእጃቸው ይዘውታል። በጥምረቱ በረራ ወደ ማዶው፣ ወደ ውጭ አገሩ ኩባንያ ከሄደ ሥራ ያጣሉ ተብለው የተፈሩት እነሱ ናቸው፤ አጠገቡ የቆመው የአብራሪዎች ማኅበር ሰው የሚያድለው ወረቀት ላይ አነበብኩት። አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው፣ ብጉራቸው ያልጠፋ አለ። መካከላቸው ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ያደረገበት አባቴ ቆሟል፤ ለሽርሽር ያመጣቸው አስተማሪ ነበር የሚመስለው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ከመሐል ወረድ ያለ ግን አይደለም።

"አንተ!" አሉ ሽማግሌው። "እዚህ ምን ትሠራለህ? ቦታህ እኮ ከፊት ነው!"

አባቴ መናገር አይችልም። ቅንድቡን አነሳ፤ ካርቶኑን አመለከተ።

"ተናገር እንጂ!"

"አባባ፣ ሰዓቱ አላለቀም" አልኳቸው።

ሽማግሌው ካርቶኑን አዩ፣ ወደ ኋላ ዞረው የመጣንበትን ረጅም መስመር አዩ፣ መልሰው አባቴን አዩ። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ እጃቸውን ከተው የመጨረሻዋን ትልቅ ቁራሽ አውጥተው ሰጡት። አባቴ ለሁለት ገምሶ ግማሹን አጠገቡ ለቆመችው ወጣት ሆላንዳዊት አብራሪ ሰጣት። ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ አኘኩ። ሳቅና ልቅሶ እኩል ሲመጣብኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ፊሽካ ተነፋ፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወሬ ጀመረ።

"ካፒቴን አይደለሁም አባባ" አለ አባቴ፣ ገና ሳይጠየቅ። "ያን ጊዜ ስንተዋወቅ ነበርኩ፤ አበባ የሚያጓጉዘው ትንሽ ኩባንያ ውስጥ። ሦስት ሦስት ሳምንት እየጠፋሁ ይቺ ልጅ ስታየኝ ታለቅስ ነበር። ወደዚህ ስዛወር ከጭራ ጀመርኩ። አሁን ረዳት አብራሪ ነኝ።"

"ካፒቴን የሆነ ሰው መልሶ ካፒቴን አይደለህም ይባላል እንዴ?"

"እንደ ክህነት አይደለም። ኩባንያ ስትቀይር ይቀራል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም?"

"ሁልጊዜ ማይክራፎን ይዘው ነዋ የማገኝዎ!"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ሣሩ ላይ እየመቱ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኛም ወደብ ላይ ሁለቱ ኩባንያዎች ሲጋቡ ኬክ አብልተውናል" አሉ። "በዓመቱ የእኔን ክሬን ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሰው በቁልፍ ያንቀሳቅሰው ነበር። ኬኩ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።"

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ይገባኝ ነበር። ትልልቆቹ ይስማማሉ፣ ትንንሾቹ ይባረራሉ፣ አባቴ ትንሽ ነው፤ አለቀ። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ። የላከው የማዶው ኩባንያ ነው፣ ያ ሊጣመሩት ያሉት። ካፒቴኖች ይፈልጋሉ። የአባቴን የድሮ የበረራ ሰዓት አይተው ልምድህ ይበቃናል፣ በግራው፣ በካፒቴኑ ወንበር ተቀመጥልን አሉት። ኑሮው ግን እዚያ ይሆናል፤ ወደ እኛ የሚመጣው በዕረፍቱ ነው። መልሱን እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይፈልጋሉ።

እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ የዚያን ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አነበበችው።

"ሂድ" አለች። "ካፒቴን እኮ ነው። ባርኔጣ በእጅህ ይዘህ ከምትቆም።"

ሩዙን አቅርባ ስትቀመጥ፣ "አትሂድ" አለች።

ሰሐን ስታነሳ፣ "ወይስ ብትሄድ ነው የሚሻለው? እንጃ!"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ?"

በቤታችን ትልቅ ነገር ላይ ስጠየቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ በጣም ደስ አለኝ። ካፒቴን እንዲሆን እፈልጋለሁ። እንዲሄድ አልፈልግም። ሥራ እንዳያጣ እፈልጋለሁ። ሦስቱ እንዴት ባንድ ሰው ላይ እንደሚሆኑ አላውቅም።

"እኔ ሦስቱንም ነው የምፈልገው" አልኩት።

"ሦስት ምን?"

"ተወው።"

በማግስቱ ሽማግሌው ደወሉ፤ ከእናቴ ሰምተዋል። "አሁንስ ላንብበው?" ሲሉ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበረ ሁላችንም ሰማን። አባቴ፣ "እባክዎ፣ ምንም እንዳያነቡ!" ብሎ ጮኸ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከማዶው ኩባንያ ሰዎች ጋር በኮምፒውተር ተነጋገረ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ፤ መስማት የለብሽም ያለኝ ሰው የለም። በእንግሊዝኛ የሚሉት ሁሉ ጥሩ ጥሩ ነበር፤ ቤት ይሰጡታል፣ ልብሱን ያሰፉለታል። ከዚያ አባቴ "የትኛው መስመር ላይ ነው የምበርረው?" ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ ስትመልስ ደስ ብሏት ነበር፣ ስጦታ የምትሰጥ ይመስል። አምስተርዳም፣ አለችው። ቤተሰብዎ እዚያ ስለሆነ አምስተርዳምን እንሰጥዎታለን፤ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጀውን፣ ጠዋት የሚያርፈውን።

አባቴ ሳቀ፤ አመሰገናትና ዘጋው።

"ምን ያስቃል?" አልኩት ገብቼ።

"የትኛውን በረራ እንደ ሰጡኝ ታውቂያለሽ? የእኔን።"

"የአንተን ማለት?"

"አሁን እኔ የምበርረውን። ያንኑ ከተማ፣ ያንኑ ሰዓት። ጥምረቱ ሲጀምር እዚህ ይቆምና በእነሱ አውሮፕላን ይሄዳል። እዚያ ደግሞ የሚያበርረው ሰው ጎድሎባቸዋል።"

"ቆይ። አንተ እዚያ ከሄድክ፣ እዚህ ያለኸውን አንተን..."

"አዎ።"

"ራስህን ታስወጣለህ?"

"እኔን ብቻ ቢሆን ግድ የለም ነበር። ያቺ ዳቦ ያካፈልኳት ልጅ ከእኔ ኋላ ናት። በረራው ከሄደ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት።"

"አንተ ባትሄድ ግን ሌላ ሰው ይሄዳል።"

"ይሄዳል።"

"በረራውም ይሄዳል።"

"ሊሄድ ይችላል።"

"ታዲያ ምን ለውጥ አለው?"

አባቴ ኮምፒውተሩን ከደነ። "እሱን እስከ ዓርብ አስብልኝ" አለኝ። ቀልዱን ይሁን ምሩን አላወቅሁም፤ ግን አሰብኩበት። የሒሳብ ደብተሬ ላይ ሁለት አውሮፕላን፣ አንድ አባት፣ አራት ቀስት ሣልኩ። ቀስቶቹን የትም ባዞራቸው ተመልሰው የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። እሱም መልሱን አልጠየቀኝም። ዓርብ ጠዋት ሁለት መስመር ጽፎ አነበበልኝ። ስለ ጥያቄያችሁ አመሰግናለሁ። አልመጣም።

"ሦስተኛ መስመር ጨምርበት እንጂ፣ ባለጌ ያስመስልሃል" አለች እናቴ ከወጥ ቤት። ድምፅዋ ግን ኢሜይሉ ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀሎ አያውቅም። "መልካም ቀን" ብሎ ጨመረበት፤ ላከው።

በመኸር አዲሱ የበረራ ፕሮግራም ወጣ። የጠዋቱ በረራ ወደ ማዶው ኩባንያ ሄዷል። እስካሁን የተባረረ ሰው የለም፤ ማኅበሩና ኩባንያው እየተነጋገሩ ነው። ከቀዩ ሪባን ወዲያ የነበሩት ግን ብዙውን ቀን ቤታቸው ሆነው ስልክ ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ሲታመም ይደወልላቸዋል።

አባቴ ስለዚህ ቤት ነው። መቼም ይኼን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን በጣም ደስ ብሎኛል! ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነው። ሽሮ ይሠራል፣ ያሳርረዋል፣ "በዚህ ከፍታ ላይ የተለመደ ነው" ይላል። ሒሳብ ያስረዳኛል፤ ሹሩባ በሌለበት ምዕራፍ ላይ እንኳ ሹሩባ ያገባል። ከዚያ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም ዘለን እናየዋለን። ማስታወቂያ ነው። እሱ ቅር ይለዋል፤ እኔ እፎይ እላለሁ፤ እፎይ በማለቴ ደግሞ ፊቱን ማየት ያቅተኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በብስክሌት ወጣን። ከአምስተልቨን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሩቅ አይደለም፤ ሜዳው ላይ በግ ይግጣል፣ አውሮፕላን በላዩ ያልፋል፣ በጎቹ ቀና አይሉም። አባቴ ብስክሌቱን አቆመ፤ ሰዓቱን አየ። ምን እንደሚጠብቅ አልነገረኝም፤ ገባኝ።

ከደመናው ሥር የማዶው ኩባንያ አውሮፕላን ወጣ። ነፋሱ ከጎን ነበር፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ጎን አዙሮ እንደ ሸርጣን ይመጣ ነበር።

"ያዘው" አለ አባቴ በቀስታ። "ያዘው... ገና ነው... አሁን አቅናው። አሁን። በል!"

እጆቹ የብስክሌቱን መሪ ጨብጠው ነበር፤ የቀኝ እግሩ ሣሩን ገፋ። ጎማዎቹ መሬት ነኩ፤ አንዱ ቀደመ፣ ሌላው ተከተለ፣ ትንሽ ጭስ ብቻ።

"ጎበዝ" አለ።

"ማን ይሆን እዚያ ወንበር ላይ ያለው?" አልኩት።

"ኢሜይሉን እሺ ያለ ሰው" አለና ብስክሌቱን ወደ ቤት አዞረ።